በር ከፋቹ ሲገቡ

ለቴሌቪዥን ከመቀመጫዬ ተነስቼ «ኖር!» ያልኩት ሴትዮ እኔ ነኝ። ልጄ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ስታወራው ያልነበረ እየጨመረችበት ስለሄደች፣ እኔው ራሴ እንደሆነው ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ነው።

ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው። እግሬም እንደ ጽሑፌ ነው፣ አንድ ቦታ አይረጋም። ሎስ አንጀለስ የመጣሁ ሰሞን፣ ልጄ ሥራ ስትወጣ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ፌርፋክስ የሚባለውን መንገድ ይዤ ሽቅብ እሄዳለሁ። ዳቦ ቤቶቹ ጋ ስደርስ፣ ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ የአይሁድ ሽማግሌዎች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ዐረፍ እልና እመለሳለሁ። ይጠጉልኛል፤ እነሱ በቋንቋቸው ያወራሉ፣ እኔ በልቤ። ያኔ መንገዱ እንደ ዛሬው በኛ አገር ስም አይጠራም ነበር። አሮጌ የቤት ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ነበሩ፣ በመካከላቸው የኛ ሰዎች የከፈቱት አንድ ምግብ ቤት። ልጄ የምታስተናግደው እዚያ ነበር።

ቋንቋ የለኝም። ስለዚህ ጸሐይዋ ስትበረታ ቤት እገባና ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። በቀለም የሚሠራው ይጮህብኛል። አንደኛው ጣቢያ ግን ከሰዓት በኋላ የድሮውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ያሳይ ነበር። የድሮ ፊልም ቋንቋ ለሌለው ሰው ደግ ነው፤ ማን ማንን እንደጠላ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ሰውየውን ያየኋቸው እዚያ ነው።

ቤቱ ትልቅ ነው፤ ደረጃው ሠርገኛ ያሳልፋል። ነጮቹ ይሯሯጣሉ፣ ይጯጯኻሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ተቆጥተው በር በርግደው ይወጣሉ። በመካከላቸው አንድ ጥቁር ሰው አሉ። ኋላው የረዘመ ጥቁር ኮት ለብሰዋል፣ ነጭ ጓንት አጥልቀዋል፣ ጎንና ጎናቸው ሸብቷል። አይቸኩሉም። አይጮኹም። ሲናገሩ አንድ ሁለት ቃል ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ሲተራመስ እሳቸው ብቻ የሚያደርጉትን ያውቃሉ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ እኔ ባደግሁበት አገር፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ ደኅና የለበሰ፣ ከሁሉ ዝግ ብሎ የሚራመድ፣ ከሁሉ ጥቂት የሚናገር ማነው? የቤቱ ጌታ ነዋ! ሌሎቹን ያሳደጓቸው የማይረቡ ልጆች ናቸው ብዬ ያዝኩ። ጥቁር ሆነው ነጭ ልጆች ከየት አመጡ ብዬም አልጠየቅሁም፤ አሜሪካ አይደል፣ ይኖራል አልኩ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሌላ ፊልም ሲመጣ እሳቸው አሉ፣ በሌላውም አሉ፣ በአንዱም ግን ተቀምጠው አላየሁም። ስለት ይኖርባቸው ይሆናል ብዬ አዘንኩላቸው።

«ኖር»ን የዛሬ ልጆች እየረሱት ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ የገባው ሰው «በእግዜር! አትነሱ!» እስኪል አይቀመጥም። በደሜ ያለ ነገር ነው፤ ሰውየው በቴሌቪዥኑ መስኮት ብቅ ሲሉ ወገቤ ራሱ ይነሳል። እሳቸው መልስ ስለማይሰጡኝ ካሜራው ዞር ሲል እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ልጄ ሳልሰማት ገባች።

«እማዬ፣ ለማን ነው የተነሳሽው?»

«ለጌታው።»

«ለየትኛው ጌታ?»

«ይኸው አሁን የገቡት፤ አታዪም እንዴ?»

ልጄ ጫማዋን አውልቃ በእጇ እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እማዬ፣ አሽከር እኮ ነው! በር ከፋች! ትሪ መያዙን አላየሽም?»

«ትሪውንማ አይቻለሁ። ልጆቹን ያበላሉ ብዬ ነው።»

ዓይኔን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩ። ሰውየው በትሪው ላይ ብርጭቆ አስቀመጡ፤ ድምፅ እንኳ አልተሰማም። ንጉሥ ማኅተም ሲያሳርፍ እንጂ አሽከር ብርጭቆ ሲያኖር አይመስልም።

«በር ከፋች ናቸው እንበል» አልኩ። «በኛ አገር የጌታን በር የሚይዝ ሰው ራሱ ጌታ ነው። እልፍኝ አስከልካይ እኮ ነው። ሳይፈቅድ ማን ይገባል?»

«ኦኬ፣ እማዬ። እልፍኝ አስከልካይ ይሁንልሽ።»

ከዚያም ወዲያ መነሳቴን አልተውኩም። ሽበታቸውን አይቻለሁ፤ ለሽበት መነሳት የማንንም ማዕረግ አይጠይቅም።

ከምንኖርበት ሕንፃ ታችኛው ቤት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በራችን ላይ ወይን ጠጅ አበባ የሚያራግፍ ዛፍ አለ፤ ዘወትር ጠዋት ከደረጃው ላይ ይጠርጉታል። እጅ እንነሳሳለን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ቀጭን ናቸው፣ መነጽራቸው ወፍራም ነው፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል። ለወራት በአጠገባቸው ሳልፍ ምንም አልጠረጠርኩም።

አንድ ቀን ከገበያ ሁለት እጄን ሞልቼ ስመለስ ከውስጥ ደረሱልኝና በሩን ከፈቱልኝ።

መጀመሪያ እግራቸው ቆመ። ቀጥሎ እጃቸው ወደ በሩ ሄደ፣ ሳይቸኩል። ከዚያ ትከሻቸው ዘወር አለና መንገዱን ለቀቀልኝ። ዓይናቸው እኔ ላይ አላረፈም፤ ከእኔም አልሸሸም። በፊታቸው አይደለም ያወቅኋቸው፤ በአከፋፈታቸው ነው። ዕቃዬን እዚያው ዘርግፌ፣ ሽንኩርቱ እየተንከባለለ፣ ልጄን እየተጣራሁ ሽቅብ ወጣሁ።

ልጄ እየተቆጣች ወረደች። ሽማግሌው ሽንኩርቴን እየለቀሙ ነበር። በፊልም ይሠሩ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ቀና አሉ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ አንድ ቃል ተናገሩ። የልጄ አፍ ተከፍቶ ቀረ።

«ምን አሉ?»

«‹ነበርኩ› አለ፣ እማዬ። ራሱ ነው!»

«አለ አትበይ። አሉ በይ።»

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ደረጃው ላይ ሻይ ይዘን መቀመጥ ለመድን። ልጄ ካለች ታስተረጉምልናለች፤ ከሌለች በእጅ እንግባባለን። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ከሰፈሩ ልጆች ሰምተው «እማማ» ይሉኛል። የቤቱ ጌታ መስለውኝ እንደነበር ልጄ ስትነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁና ልጄን እንደገና እንድትጠይቀኝ ለመኗት።

«‹ጌታ? እርግጠኛ ናቸው? ትሪ ይዤ እያዩኝ?› ይላሉ፣ እማዬ።»

«ትሪ ይዘው» አልኩ።

ብዙ አልተናገሩም። አበባውን በጫማቸው ጫፍ ወዲያ ወዲህ አደረጉት። «ይህን የነገረኝ ሰው የለም» አሉ በመጨረሻ። «ስሠራው ግን ይህን ብዬ ነው የሠራሁት።»

ታሪካቸውን ከዚያ ወዲህ ነው በቁራጭ በቁራጭ የሰማሁት። በልጅነታቸው ከአሜሪካ ደቡብ በባቡር የመጡ ናቸው፤ እዚያው ባቡር ላይ የሰው ሻንጣ እየተሸከሙ፣ የጣቢያ ስም እየጠሩ። እዚህ ሲደርሱ ካልቨር ሲቲ ያለ አንድ የፊልም ስቱዲዮ በር ላይ ማለዳ ማለዳ ከሚሰለፉት ጋር ተሰለፉ። የመጀመሪያ ሥራቸው የሳር ቀሚስ ለብሶ ጦር መያዝ ነበር። ጥቁረታቸው አልበቃም ተብሎ ጥላሸት ተቀቡ! «አፍሪካኛ ተናገር» አሏቸው። እሳቸው የሚያውቁት አፍሪካኛ ከየት ይምጣ? የባቡር ጣቢያዎቹን ስም ከመጨረሻው ጀምረው በቁጣ እያፈጠኑ ደረደሩላቸው። ዳይሬክተሩ በጣም ተደሰተ አሉ።

«ያን ፊልም አይቼዋለሁ እኮ!» አልኩ። «የየት አገር ቋንቋ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጥፌ ነበር።»

«ገባዎት?»

«ምንም አልገባኝም። ግን ሰዎቹን መክረው እንደሚያስታርቁ ነው የመሰለኝ።»

«ምሳ የሚበላበትን ጣቢያ ነበር የምነግራቸው።»

በሌላ ጊዜ ደግሞ የሙት መንፈስ የሚያዩበት ፊልም ነበር። ዳይሬክተሩ «ዓይንህን አጉረጥርጥ፣ ጉልበትህ ይንቀጥቀጥ፣ ጥርስህ ይንገጫገጭ» አላቸው። ያን ጊዜ የሳቸው ቀለም ያለው ሰው ፊልም ላይ የሚፈራው እንደዚያ ብቻ ነበር፤ ሌላ አፈራር አይፈቀድለትም። እሳቸው «እፈራለሁ፤ የምፈራው ግን አፌን ዘግቼ ነው» አሉ። ሰውየውም «እንግዲያው ቤትህ ሄደህ ፍራ» ብሎ አባረራቸው። ሥራ የሚሰጣቸው ጠፋ። ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ከረሙ፤ ልክ እንደኛ ልጆች። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም። ልጄ ራሷ ማስተርጎሟን ትታ «የት ሆቴል?» አለቻቸው፤ ወንድሟም ያንኑ ሥራ ነበር የሚሠራው።

አንድ የፊልም ሰው ከመኪናው ሲወርድ በሩን ከፈቱለት። ሰውየው መኪናው ውስጥ ተመልሶ ገባና «እስቲ ደግመህ ክፈትልኝ» አላቸው። በዚያው የፊልም በር ከፋች ሆነው ቀሩ። ያ ሁሉ ትልቅ ቤት፣ ያ ሁሉ ደረጃ፣ ያ ሁሉ ነጭ ጓንት ከዚያች የመኪና በር ነው የመጣው።

«ንግግር አይሰጡኝም» አሉኝ። «በር ግን ይሰጡኛል። በሩ እስኪከፈት ደግሞ ካሜራው የትም አይሄድም፤ ይጠብቀኛል። ስለዚህ በሩን የራሴ አደረግሁት።» ከዓይን እጅ የቀደመ እንደሆነ የፈራ ሰው ነው፤ ከእጅ ዓይን የቀደመ እንደሆነ የሚሰርቅ ሰው ነው፤ መጀመሪያ እግር መቆም አለበት፤ ቆሞ የሚከፍት ሰው የሚከፍተው ስለፈለገ ነው። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራቸውም። ክፍላቸው ውስጥ በቁም ሣጥን በር ነው የተለማመዱት። እኔም ቤት ገብቼ ሞከርኩት። ልጄ የበሩ ማጠፊያ የተበላሸ መስሏት ዘይት ይዛ መጣች።

ፊልሙ ሲያልቅ ስም ይወጣል አይደል? የፈረሱ ስም ይወጣል፣ የእሳቸው አይወጣም ነበር። በሥራ ዘመናቸው መጨረሻ አካባቢ ግን አንድ ቀን መጣ አሉ። ጠረጴዛው ላይ ከነጮቹ ጋር አንድ ጥቁር ወጣት ተቀምጧል፤ በፊልሙ ሐኪም ነው። ሾርባ የሚያቀርቡለት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትሪ ሲይዙ ያን ቀን ብቻ ከሾርባው ጠብ አለባቸው። ወጣቱም አይቷል፤ ካሜራው ሲዘጋ ተነስቶ ወንበሩን ሊለቅላቸው ፈለገ። «ቁጭ በል!» አልኩት አሉ። «አንተ እዚያ ትቀመጥ ብዬ ነው እስከዛሬ የቆምኩት።»

እኔ ይህን ስሰማ ሻዬን አስቀመጥኩ። እንግዲህ የማይቀመጡበት ስለት ይህ ነበር።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ቫን ናይስ የምትኖር አስተማሪ ነች፤ መምህርቷ እላታለሁ። እሑድ እሑድ ያን ሁሉ ፍሪዌይ ድራይቭ አድርጋ ትመጣለች፣ ማቀዝቀዣቸውን ትሞላለች፣ መድኃኒታቸውን ታያለች፣ ጉልበታቸውን ታሻለች። ከዚህ በላይ ምን ልጅ አለ? ግን አንድም ፊልማቸውን ዐይታ አታውቅም። ቴሌቪዥኑ ላይ ሊመጡ ሲሉ የመኪና ቁልፏን ታነሳለች።

የእሳቸው ዓይን ደግሞ እየደከመ ነበር። ጠርዝ ጠርዙን ጭጋግ በልቶታል። አንድ ቀን ልጄን እንዲህ አሏት፦ «ሽልማት አልፈልግም። ዓይኔ ሳይጠፋ ልጄ አንድ ጊዜ ከጎኔ ተቀምጣ ስትመለከተኝ ማየት ነው የምፈልገው። የሠራሁትን ትየው። ከዚያ ብትጠላውም ትጥላው።»

እኔ ወሬኛ ነኝ። በሚቀጥለው እሑድ መምህርቷ ደረጃው ላይ ስታገኘኝ በልጄ አንደበት አባቷን አወድስ ጀመር፤ እንዴት እንደሚራመዱ፣ እንዴት በር እንደሚከፍቱ። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ በቀስታ መለሰች።

«እናትሽ ደስ የሚላቸው ቋንቋውን ስለማያውቁት ነው። እኔ ቃሉን እሰማለሁ። ሽበት ያለውን አባቴን ‹አንተ ልጅ› እያሉ ነው የሚጠሩት። የሃያ ዓመት ልጅ ‹አንተ ልጅ፣ ኮቴን አምጣ› ይለዋል። ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆቹ ኮታቸውን እያወለቁ እጄ ላይ ይጥሉ ነበር። ‹አባትሽ እንዲህ ነው የሚይዘው› እያሉ።»

ደነገጥኩ። ለሽማግሌ «አንተ» ከማይባልበት ቤት የወጣሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ፊልም ሲጀምር ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኩና «ሳትደብቂ እያንዳንዱን ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። እውነቷን ነበር መምህርቷ። ጆሮዬን ያዝኩ። ከዚያ ድምፁን አጥፍቼ እንደገና አየኋቸው። እንዲያ እየተጠሩ ነው ለካ እንደዚያ የሚራመዱት! ያንን ቃል እየሰሙ ነው ለካ ፊታቸው የማይታጠፈው! ቀድሞ የደነቁኝ ሳላውቅ ነበር፤ አሁን ዐውቄ ሳያቸው ግን ፀጉሬ ቆመ። ያን ሁሉ ስድብ በሚናገሩ ሰዎች መካከል ቆመው፣ ቋንቋውን ለማታውቅ አንዲት የሩቅ አገር ሴት «እኔ የቤቱ ጌታ ነኝ» ብለው ነገሩኝ፤ እኔም አመንኳቸው።

ይህንኑ ለመምህርቷ በልጄ በኩል ላክሁላት። አባቷም ጋዜጣው ላይ የፊልሙን ሰዓት በእርሳስ ከብበው «በሚቀጥለው እሑድ እማማ ምሳ ጋብዘውናል፣ ምግብ ቤቱም ቴሌቪዥን አለው» ሲሏት፣ «ለምሳው እመጣለሁ፤ ለፊልሙ ቃል አልገባልህም» አለች። እሳቸው ያቺን ቃል ይዘው ሳምንቱን ሙሉ ሸሚዝ መረጡ።

እሑድ ምግብ ቤቱ በታክሲ ነጂዎች ይሞላል። ቴሌቪዥኑ ከባንኮኒው በላይ ነው፤ ኳስ ያያሉ። ጣቢያ ይለወጥ ስላቸው ጩኸት ሆነ።

«እማማ፣ ኳስ አጥፍተው አሮጌ ፊልም? ይህማ ግፍ ነው!»

«ከአገር የወጣነው እኮ እንዲህ ያለውን ሸሽተን ነው!» አለ ሌላው።

«እንግዲህ ውጡ፤ ለእግራችሁ መንገድ አላጣችሁም» አልኳቸው። «የፊልሙ ባለቤት ራሳቸው ይመጣሉ።» ማን እንደሆኑ፣ መኪና ፓርክ ማድረጋቸውንም ሳይቀር ነገርኳቸው። የምግብ ቤቱ ባለቤትም ጣቢያውን ለወጠችው።

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው በነጭ ሸሚዛቸው ብቅ አሉ፤ ልጃቸው ከኋላ ናት። እኔ ተነሳሁ። «ኖር!» አልኩ። ምዬ መናገር እችላለሁ፣ ማንንም አላዘዝኩም። ነጂዎቹ የጎረሱትን ሳይውጡ፣ ጣታቸው ወጥ እንደነካ፣ ወንበሩ እየተንኳኳ ብድግ አሉ። ምግብ ቤቱ በሙሉ «ኖር!» አለ።

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ወደ ኋላ ዞረው አዩ። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው በሩን ያዙ፤ ከኋላቸው ለሚመጣው ትልቅ ሰው። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ እጅ፣ ቀጥሎ ትከሻ።

ከኋላቸው ማንም አልነበረም፤ ልጃቸው ብቻ።

«ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለች መምህርቷ።

«አባትሽን» አለች ልጄ። «ለሱ ነው የተነሱት። ተቀመጡ እስኪላቸው አይቀመጡም።»

መምህርቷ ክፍሉን አየች። ከዚያ አባቷን አየች፤ በሩን እንደያዙ ናቸው። እጃቸውን ከበሩ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችው። «አባዬ፣ አንተን ነው። ተቀመጡ በላቸው።»

ልጄ ቃሉን በጆሯቸው ነገረቻቸው። «በእግዜር» አሉ፤ ደህና አድርገው ነው ያሉት። ሁሉም ተቀመጠ። አንዱ ነጂ «ተመስገን፣ ወገቤ!» አለ። ሳቅ ሆነ።

ተቀመጥን፣ በላን። የመምህርቷ የመኪና ቁልፍ ከእጇ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ዓይኔ ከሱ አልተነሳም። ሽማግሌው አልጎረሱም፤ እሳቸውም የሚያዩት ያንኑ ነው። ፊልሙ ጀመረ። ቁልፉን ያዘች። አልተነሳችም፤ ግን ያዘችው።

በፊልሙ ውስጥ ሌሊት ነው፣ ዝናብ ይዘንባል። የቤቱ ወንድ ልጅ አንዲት ድኻ ሴት ያስረገዘ ነው፤ አሁን ያባርራታል። በጣቱ እያመለከተ «አንተ ልጅ፣ በሩን ክፈትላት!» ይላል። ይህን ልጄ አልተረጎመችልኝም፤ ከመምህርቷ ፊት ነው ያነበብኩት። ሽማግሌው፣ ያኔ ጎልማሳው፣ መጡ። እግራቸው ቆመ። በሩን ከፈቱ፤ እንደዚያ ቀን ዝግ ብለው ከፍተው አያውቁም። ሴትዮዋ ልትወጣ ስትል ከግድግዳው ላይ ጃንጥላ አነሱ። የጌታቸውን ጃንጥላ። ዘረጉትና በሁለት እጃቸው ሰጧት። ከዚያ ለእሷ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ፤ እስከዚያች ሰዓት በፊልሙ ውስጥ ለማንም እንዲያ ዝቅ አላሉም። አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጁ ግን በአፉ ያለው ስድብ ደረቀበት።

ነጂዎቹ መጉረስ ትተዋል። ባለቤትየዋ ሳህን እንደያዘች ቆማለች።

መምህርቷ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ጠየቀች። ልጄ በሹክሹክታ ተረጎመችልኝ።

«ጃንጥላውን ስጣት ያለህ ማነው?»

ሽማግሌው ፊልሙን አላዩም ነበር። ከመጀመሪያውም እሷን ነው ሲያዩ የነበሩት፤ በዚያች በደከመች ዓይናቸው፣ አንገታቸውን አዘንብለው። «ማንም» አሉ። «ወረቀቱ ላይ ‹በር ይከፍታል› ነበር የሚለው።»

«እጅ ንሳ ያለህስ?»

«ማንም።»

«ዳይሬክተሩ አልተቆጣም?»

«ተቆጣ። ግን ዝናቡ በቧንቧ ነበር የሚመጣው፤ ውኃው አልቆ ነበር። እንደገና መቅረጽ አልቻለም።»

መምህርቷ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ ነጠላዬን ሰጠኋትና ፊቷን ጠረገችበት። ከዚያ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው፣ ወንበሯን ወደ አባቷ አስጠጋች፣ መጠየቅ ጀመረች። ቤቱ እውነተኛ ቤት ነበር ወይ? ጓንቱ ያንተ ነበር? ደረጃው የት ያደርሳል? የትም አያደርስም አሏት፤ ከላይ በጣውላ የተዘጋ ነው። እሳቸው ሲያወሩ፣ እሷ ስትጠይቅ ፊልሙ አለቀ። ሌላም ፊልም ገባ። ኳስ ይመለስልን ያለ ነጂ አልነበረም።

ሊሄዱ ሲነሱ መምህርቷ ቀድማ በሩን ከፈተችላቸው። እሳቸው ደግሞ ልማዳቸው ነውና ከእጇ ሥር እጃቸውን ሰደው በሩን ያዙላት። «ግባ እንጂ» ትላለች፤ ውጣ ማለቷ ነው፣ ግራ ገብቷታል። «አንቺ ቅደሚ» ይላሉ። «አንተ!» «አንቺ!» እንደኛ አገር ሰው በር ላይ ተያዙ። ውጭ የቆመ ተስተናጋጅ መግቢያ አጣ፣ ንፋሱም ገባ። አንዱ ነጂ ቢጨንቀው ከወንበሩ ጮኸ፦

«ኧረ በናታችሁ አንዳችሁ እለፉ! አለዚያ እንደገና ልንነሳ ነው!»